ከሰማይ የሚታየው ምድርና የሹም ተግባር

የምድርን ጠባይ ሳያውቁ ምድርን ማስተዳደር ዕዳው ብዙ እንደሆነ ለሹማምንትና ለባለ ይዞታዎች የተገለጠ ነው። የሚያርሰውም ቤት የሚሠራውም ከእግሩ በታች ዓለት ወይም ዋልካ፥ ጽኑ መሬት ወይም ስንጥቅ መኖሩን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል። በመስከረም ወር 1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ምድር በተከፈተ ጊዜ፥ የስንጥቁን ልክ አሟልተው ያሳዩት ከሰማይ የተነሡ የራዳር ሥዕሎች ናቸው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ባስለቀቀ ጊዜም፥ ከምድር በታች የቀለጠ ዓለት መጓዙ በእንዲህ ያለው ሥዕል ታውቋል።

ነገር ግን ሥዕሉ እጅግ ብዙ ስለሆነ ሰው መርምሮ አይጨርሰውም። ስለዚህ የነርቭ መረብ የሚባል የኮምፒውተር ስሌት ሥራውን ያግዛል። አሠራሩም የዜማ ተማሪን ይመስላል፤ ተማሪው ያዜማል፥ መሪጌታው ያርመዋል፥ ስሕተቱም እየቀነሰ ይሄዳል። እንደዚሁም ባለሙያ ስንጥቁንና የእሳተ ገሞራውን አፍ ለይቶ ምልክት ያደረገባቸው ብዙ ሥዕሎች ለስሌቱ ይቀርቡለታል፤ በሳተ ቁጥር ውስጣዊ ቁጥሮቹ ይታረማሉ፤ በመጨረሻም ከዚህ ቀደም ያላየውን ሥዕል ለመለየት ይበቃል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ900 በላይ እሳተ ገሞራዎችን የሚያሳዩ ከ30,000 የሚበልጡ የራዳር ሥዕሎች ለእንዲህ ያለ ስሌት ሰጡ። ስሌቱም መቶ ያህሉን ለይቶ አወጣ፤ ባለሙያዎች መርምረው እውነተኛ የምድር ቅርጽ ለውጥ ያገኙት ግን ቢያንስ በ39ኙ ነው። እንግዲህ መሣሪያው ወንፊት ነው እንጂ ዳኛ አይደለም።

በአዲስ አበባ ደቡብ ያለው ላፍቶ ለዚህ ምስክር ይሆናል። ከተማይቱ በስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ አጠገብ፥ በጥንታዊ እሳተ ገሞራ ዓለት ላይ የተቀመጠች ናት፤ በደቡቧም በክረምት የሚያብጥ በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር ዋልካ በብዙ ስፍራ ይገኛል። ቀድሞ እርሻና ግጦሽ የነበረው የላፍቶ መሬት ግን ዛሬ አብዛኛው በቤትና በአስፋልት ተሸፍኗል። ሳተላይት ጣሪያውን እንጂ ከጣሪያው ሥር ያለውን ዋልካ አያይም፤ ቀጥ ያለ መንገድና አጥርም የመሬት ስንጥቅ መስሎ ስሌቱን ሊያስተው ይችላል። በነፃ የሚታደሉት የሴንቲኔል ሁለት ሥዕሎች ጥራታቸው ቢበዛ አንዲት ነጥባቸው 10 ሜትር በ10 ሜትር ስለሆነች፥ ግድግዳ የሚያፈርስ ጠባብ ስንጥቅ አይታይባቸውም። በሌላ አገር ምድረ በዳ የተማረ ስሌትም የላፍቶን ምድር አጣርቶ ያነባል ብሎ መታመን አይገባም።

ስለዚህ የሹም ተግባር ሁለት ነው። መጀመሪያ፥ መሬቱ ሳይሸፈን ሽማግሌዎችን ጠይቆ የምንጩን፥ የድንጋይ ካባውን፥ የዋልካውንና የስንጥቁን ስፍራ ከነታየበት ቀን ማስመዝገብ ነው፤ ይህ መዝገብ ለስሌቱ መሪጌታ ይሆነዋል። ሁለተኛም፥ ከስሌት የወጣ ካርታ በቀረበለት ጊዜ ባለሙያ በስፍራው ቆሞ ሳያረጋግጠው፥ በዚያ ካርታ ብቻ ለማንም መሬት አለመፍቀድና አለመከልከል ነው።

ይህ ጊዜና ወጪ ይጠይቃል የሚል አይጠፋም። ነገር ግን የአንድ ባለሙያ የጥቂት ቀን አበል የተሰነጠቀ ቤት አፍርሶ ዳግመኛ ከመሥራት እጅግ ያንሳል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለውም ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።