ቱቦውን ከማጥበቃችን በፊት ለምን እንደ ወለቀ እንጠይቅ

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ መንገዶች የሚመላለስ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። አንድ ሚኒባስ ወይም አይሱዙ ዳገቱን ሲያቃስት ወጥቶ በድንገት ከፊቱ ነጭ እንፋሎት ይለቅና ጥጉን ይይዛል። ተሳፋሪው እያጉረመረመ ይወርዳል። ሾፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ ሲያይ ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦ ከአንገቱ ወልቆ ተንጠልጥሏል። ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። ሽቦ ይፈለጋል፣ ቱቦው ይታሰራል፣ ሽቦው በፒንሳ ይጠመዘዛል፣ ከጄሪካን ውኃ ይሞላል፣ “በቃ፣ እንሂድ!” ይባላል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተሄደ በኋላ ቱቦው እንደገና ይወልቃል።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ አጭር ነው። ቱቦ ያለ ምክንያት አይወልቅም። ምክንያቱን ሳይጠይቅ ሽቦውን የሚያጠብቅ ሰው ችግሩን ለነገ አስተላለፈው እንጂ አልጠገነውም። ምክንያቱን መጠየቅና ማስጠየቅ ደግሞ የመካኒኩ ብቻ ሳይሆን የሳይንስ መምህሩም ሥራ ነው።

እንደሚታወቀው ሦስቱም ከተሞች የአዲስ አበባ በሮች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦና በነቀምቴ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ ይገኛሉ። በተለይ በሱሉልታ በኩል የሚገባው የጭነት መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ካለው የዓባይ በረሃ ወጥቶ የመጣ ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚነሳውም ገና ከአዲሱ ገበያ ጀምሮ የእንጦጦን ተረተር ይወጣል። እንግዲህ በእነዚህ ከተሞች ለማስተማር የሚመደብ ዕጩ መምህር ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ ሳይርቅ አንድ ትልቅ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ያገኛል ማለት ነው።

ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ብለን እናስተምራለን። ይህ የባሕር ወለል ቁጥር ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውኃ የሚፈላበት ሙቀት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል እየወረደ ይሄዳል። በ2,400 ሜትር ከፍታ 92 ዲግሪ ገደማ፣ በ3,000 ሜትር 90 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። የመኪና ሞተር ደግሞ ምንም ሳይታመም የሚሠራው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ራዲያተሩ ክዳን ባይኖረው ኖሮ የእንጦጦን ዳገት የሚወጣ መኪና ሁሉ ደህና ሆኖ ሳለ ውኃው ይፈላበት ነበር።

ይህን የሚከላከለው ያ ትንሹ የራዲያተር ክዳን ነው። ላዩ ላይ ብዙውን ጊዜ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ይገኛል። 0.9 ማለት ከውጭው አየር ግፊት በላይ 0.9 ባር እስኪደርስ ድረስ አፍኖ ይይዛል፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ይከፍታል ማለት ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ይህ ግፊት ሲጨመር ውኃው እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። በ1679 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፒን ለለንደን ሊቃውንት ያሳየው አጥንት የሚያለሰልስ ድስት በዚሁ መንገድ ይሠራ ነበር። ዛሬ ባቄላ ቶሎ የሚያበስልልን፣ ክዳኑ የሚቆለፈውና የሚያፏጨው ድስትም የዚያ ዘር ነው።

ታዲያ ይኸው ግፊት ቱቦውንም ይገፋዋል። የውስጡ ዲያሜትር 3.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቱቦ በ0.9 ባር ግፊት ጊዜ 9 ኪሎ ገደማ ዕቃ የተንጠለጠለበት ያህል ከአንገቱ ይጎተታል። ሒሳቡን ማንኛውም ሠልጣኝ በደብተሩ ሊሠራው ይችላል። ለመሆኑ ደህናው ቱቦ ይህን ችሎ ሲኖር የእኛው ለምን ይወልቃል? ምክንያቶቹ በአራት ሊከፈሉ ይችላሉ።

1ኛ፦ አስተሳሰሩ። የአንገቱ ጫፍ ዙሪያውን ከፍ ያለ ቀለበት አለው። ማሰሪያው ከዚህ ቀለበት አልፎ ወደ አንገቱ ሥር በኩል መቀመጥ አለበት። ቀለበቱ ላይ ወይም ጫፉ ላይ ከታሰረ የቱንም ያህል ቢጠብቅ ይንሸራተታል። ሽቦ ደግሞ ጎማውን በአንድ መስመር ቆርጦ ይበላዋል፤ ለመንገድ ቢያደርስ እንጂ ጥገና አይባልም።

2ኛ፦ ጎማውና አንገቱ። ዘይት የነካው ጎማ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ቱቦው ቶሎ እንዲገባለት ግሪስ የሚቀባም አለ፤ ያስገባው ግሪስ መልሶ ያስወጣዋል። በውኃ ማርጠብ ይበቃል። አንገቱ ዝገት ከያዘም መጽዳት አለበት። ዝገቱን የሚያመጣው ዘወትር ተራ ውኃ መሙላት ስለሆነ ተገቢውን ኩላንት መጠቀም ይሻላል።

3ኛ፦ የሞተሩ መወዛወዝ። ሞተሩ የተቀመጠባቸው ጎማዎች ሲያልቁ ሞተሩ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር እየተነቃነቀ ቱቦውን ይጎትተዋል። አጥሮ የተቆረጠ ቱቦ ከሆነማ አይቆይም።

4ኛ፦ ከመጠን ያለፈ ግፊት። ክዳኑ ተጣብቆ መክፈት ሲያቅተው ይህ ሊደርስ ይችላል። ከዚህ የሚብሰው ግን ከቴስታታው ሥር ያለው ጓርኒሲዮን ተበልቶ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ውኃው መግባት ሲጀምር ነው። መለያው ቀላል ነው፤ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይነሳና ላይኛው ቱቦ በእጅ ይጨበጣል። ውኃው ገና ሳይሞቅ ቱቦው ወዲያው ተወጥሮ ከጠነከረ የገፋው እንፋሎት ሳይሆን ጋዝ ነው። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ ቱቦውን ማጥበቅ ግፊቱን ሌላ ደካማ ቦታ እንዲፈልግ ማድረግ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ መጨረሻው የሞተር መውደቅ፣ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ መቋረጥ ይሆናል።

ከሞተሩ የሚበልጥ ጉዳይም አለ። መኪናው ሲፈላ “ክዳኑን ክፈተው!” ተብሎ የሚታዘዘው ማን ነው? ረዳቱ ነው። በ114 ዲግሪ ታፍኖ የቆየ ውኃ ክዳኑ በተከፈተ ቅጽበት ግፊቱ ስለሚለቀው በከፊል ወደ እንፋሎት ተለውጦ ይፈነዳል፤ የሚያገኘው ደግሞ ፊትና እጅን ነው። ረዳት ከሆኑት ወጣቶች መካከል ትምህርታቸውን አቋርጠው የወጡ አሉ። ምናልባትም “ግፊት ምንድን ነው?” ተብለው ትርጉሙን በቃላቸው ጽፈው ራይት ያገኙ ናቸው። ትርጉሙን ያውቁታል፤ ክዳኑ ሥር መኖሩን ግን ማንም አላሳያቸውም። “ቱቦው በእጅ ሲጨበጥ እስኪለሰልስና እስኪቀዘቅዝ ድረስ ክዳኑ አይነካም፤ በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውኃ አይደፋም” የሚለውን ከነምክንያቱ ያስተማረ መምህር የአንድ ልጅ ዓይን አተረፈ ማለት ነው።

“ይህ የጋራዥ ሥራ ነው፤ እኛ ፔዳጎጂ ልንማር ነው የመጣነው” የሚል ሠልጣኝ አይጠፋም። አነጋገሩ ትክክል አይመስለኝም። መምህሩ ቱቦ ይቀጥል አላልንም። ተማሪው በየቀኑ ከሚያየው ነገር ተነስቶ ወደ ሕጉ እንዲደርስ ማድረግ ራሱ ፔዳጎጂ ነው። “መሣሪያ የለም” የሚለውም ምክንያት አያስኬድም። አንድ ቴርሞሜትር፣ አንድ ማንቆርቆሪያ፣ ከጋራዥ የተጣለ የራዲያተር ክዳንና የተቆረጠ ቱቦ ምን ያህል ያስወጣሉ? ተማሪዎቹ ውኃ አፍልተው ቴርሞሜትሩ 100 ሳይደርስ መቆሙን በዓይናቸው ሲያዩ “ቲቸር፣ ለምን?” ማለታቸው አይቀርም። ትምህርቱ የሚጀምረው ያኔ ነው።

ልማዱ ክፍል ውስጥም አለ። ልጁ ሲያረፍድ፣ የቤት ሥራ ሳይሠራ ሲመጣ፣ ከኋላ ወንበር ሲያንቀላፋ የእኛ ሽቦ ቁጣና ቅጣት ነው። ለሳምንት ይይዛል፣ ከዚያ ይወልቃል። ከጠዋቱ በፊት ውኃ ቀድቶ ይሁን፣ ቁርስ ሳይቀምስ ይሁን፣ ሰሌዳው አልታይ ብሎት ይሁን የጠየቀው የለም።

ስለዚህ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። የሳይንስ መምህራኖቻችን በሚቀጥለው የማስተማር ልምምድ ወቅት እያንዳንዱ ሠልጣኝ ከአካባቢው ሥራ የተወሰደ አንድ ትምህርት አዘጋጅቶ እንዲያቀርብ ያድርጉ። እኛ ሠልጣኞች ደግሞ በቡድን ሆነን በአቅራቢያችን ወዳለ ጋራዥ እንሂድ፤ ሞያተኞቹን በአክብሮት እንጠይቅ፤ የተጣሉ ክዳኖችና ቱቦዎች ለምነን እናምጣ። ማንቆርቆሪያውን ከመኝታ ክፍላችን እናገኛለን።