ሁለት ለባዶ

ባለፈው እሑድ፣ ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሰፈሬ ካለችው ካፌ ገብቼ ቴሌቪዥኑን ከእግር ኳስ ወደ ቴኒስ እንዲቀይርልኝ አስተናጋጁን ለመንኩት። ሜልቦርን መሽቶ የአውስትራሊያን ኦፕን የወንዶች ፍጻሜ ሊጀመር ነው። ልጁ ሳያኮርፍ ቀየረልኝ፤ ከእኔ ሌላ ደንበኛ ስላልነበረ ይመስለኛል።

ሁለተኛውን ማኪያቶ ይዞልኝ ሲመጣ ሩሲያዊው ዳኒል ሜድቬዴቭ ጣሊያናዊውን ያኒክ ሲነርን 6 ለ 3፣ 6 ለ 3 አሸንፎ ሦስተኛው ዙር ተጀምሯል።

«ስንት ለስንት ነው፣ ጋሼ?»

«ሁለት ለባዶ።»

«አለቀላ!» ብሎኝ ሄደ።

ኳስ እያየ ያደገ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። በኳስ ሁለት ለባዶ የሚመራ ቡድን ሰዓት ይገድላል፤ በረኛው ሣሩ ላይ ይጋደማል፣ ተቀያሪው እየተንቀራፈፈ ይወጣል። በቴኒስ የሚገደል ሰዓት የለም። የመጨረሻዋን ነጥብ ራስህ ካላሸነፍክ ማንም ፊሽካ ነፍቶ አይገላግልህም። (ፈረንጆቹ ዙሩን የሚጠሩበት ቃል በፊደላችን ሲጻፍ «ሴት» ነው የሚሆነው። ሜድቬዴቭ ሁለት ሴት ወሰደ ብዬ ከምጽፍ ዙር ብለው ይሻለኛል።)

ሲነር የቀሩትን ሦስት ዙሮች 6 ለ 4፣ 6 ለ 4፣ 6 ለ 3 ወሰደ። የ22 ዓመቱ ልጅ ይህ የመጀመሪያው የግራንድ ስላም ዋንጫው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ፓናታ ፓሪስ ላይ ካሸነፈ ወዲህ ለጣሊያን ወንዶችም የመጀመሪያው። በግማሽ ፍጻሜው ሜልቦርንን እንደ ግል ርስቱ የያዘውን፣ አሥር ጊዜ ዋንጫ ያነሳበትን ጆኮቪችን ሲጥል አንዲት የብሬክ ዕድል እንኳ አልሰጠውም። ዋንጫው ይገባዋል። በሴቶቹም ሳባሌንካ ቻይናዊቷን ዤንግን 6 ለ 3፣ 6 ለ 2 ረትታ ያለፈውን ዓመት ዋንጫ አስጠብቃለች፤ በውድድሩ አንድም ዙር አልተሸነፈችምና ብዙ የሚያስወራ ነገር አልተወችልንም።

እኔን ግን ከእሑድ ወዲህ ከሐሳቤ ያልወጣው ተሸናፊው ነው። ሜድቬዴቭ በዚህ ውድድር ሜዳ ላይ የቆየው 24 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ነው። በአንድ ግራንድ ስላም ይህን ያህል የተጫወተ ሰው ተመዝግቦ አያውቅም። በሩብ ፍጻሜው ሁርካችን ያሸነፈው በአምስት ዙር ነው። በግማሽ ፍጻሜው በዝቬሬቭ ሁለት ለባዶ ተመርቶ ነው የተነሳው። ፍጻሜው ላይ ሲደርስ ከሲነር ወደ 6 ሰዓት የሚጠጋ ተጨማሪ ጨዋታ እግሩ ላይ ነበር። ያውም በአክሪሊክ የተለበጠ ደረቅ ሜዳ ነው፤ እንደ ፓሪሱ ሸክላ አፈር እግር አያንሸራትትም፣ እያንዳንዱ መቆም ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ላይ ያርፋል። ለዚህ ይመስለኛል እሑድ ዕለት እንደ ልማዱ ከኋላ ቆሞ በመመለስ ፈንታ ወደ መስመሩ ተጠግቶ ከመጀመሪያው ኳስ ያጠቃው። ቶሎ መጨረስ ነበረበት።

ከሁሉም የከነከነኝ የሁለተኛ ግጥሚያው ሌሊት ነው። ከሜድቬዴቭ በፊት በዚያው ሜዳ በሴቶቹ ውድድር ብሊንኮቫና ሪባኪና 22 ለ 20 ያለቀ ታይብሬክ (የዙር መለያ) ተጫውተው ነበር። ሜድቬዴቭና ፊንላንዳዊው ሩሱቩዎሪ ሜዳ የገቡት ሰው አልጋው ውስጥ በሚገባበት ሰዓት ሲሆን፣ እዚያም ሜድቬዴቭ ሁለት ለባዶ ተመርቶ፣ ተነሥቶ ሲያሸንፍ በሜልቦርን ሰዓት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ሆኗል። እስከዚያ ድረስ ለቆዩት ተመልካቾች፣ እኔ ብሆን ኖሮ ቤቴ ገብቼ እተኛ ነበር ብሏቸዋል።

አስቂኙ ነገር አዘጋጆቹ ዘንድሮ ውድድሩን በአንድ ቀን አራዝመው እሑድ ያስጀመሩት እንዲህ ያለውን ሌሊት ለመቀነስ ብለው መሆኑ ነው። አምና የመሬይና የኮኪናኪስ ጨዋታ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አልፎ አልቆ ብዙ ጩኸት አስነስቶ ነበር። ቀን ጨመሩ፤ ቲኬትም አብሮ ተሸጠ። ሌሊቱ ግን ባለበት አለ። ሰዓት የማያውቅ ጨዋታን ለቀንና ለምሽት በተለያየ ቲኬት ሸጦ በሰዓቱ ያልቃል ብሎ መጠበቅ ምን ይሉታል? የምሽቱ ጨዋታ ከእኩለ ሌሊት በፊት የማይጀመር ከሆነ ለነገ ይደር የሚል ደንብ ቢወጣ ማን ይጎዳል? ቲኬት ሻጩ፣ ምናልባት።

ሽንፈቱን ሁሉ በዚያ ሌሊት ላላክክ አልችልም፤ ከዚያ ወዲህ አሥር ቀን አልፏል፣ በሩሱቩዎሪ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች የተሸነፈውም ራሱ ነው። ደግሞ ይህ ልማዱ እየሆነ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 እዚያው ሜዳ በናዳል ላይ ሁለት ለባዶ መርቶ፣ ከአምስት ሰዓት በላይ ተጫውቶ ተሸንፏል።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ አስተናጋጁ ሂሳብ ሊቀበለኝ ሲመጣ ስክሪኑ ላይ ሲነር ዋንጫውን አቅፏል።

«እንዴ! ቀዩ ነው የበላው? ያ ረጅሙ ምን ሆነ?»

«ደከመው።»

«በምኑ ነው የሚደክመው፣ ጋሼ፣ እየመራ?»

«ከከተራ ዋዜማ ጀምሮ እንቅልፍ አልጠገበም» አልኩት።