የዓይን ሐኪሞቻችን እጅ

ይፋግ ከወረታ ወደ ጎንደር በሚወስደው ጎዳና ያለች፣ ከጥንት ጀምሮ በገበያዋ ስሟ የተጠራ ከተማ ናት። ወረርሽኝም ለአካባቢዋ እንግዳ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረዳ የገባው ካላዛር ወባ ነው እየተባለ ብዙ ወገናችንን ፈጅቷል። በሽታን ለይቶ የሚያውቅ ሐኪም በጊዜው አለመገኘቱ ምን እንደሚያስከፍል ከዚያ አገር የመጣን ተማሪዎች በየቤታችን እየሰማን አድገናል።

ዛሬ ልንናገር የተነሣነው ግን ስለ ኮሮና ዘመን ነው፤ ይኸውም ብዙ ሰው ልብ ስላላለው ጉዳት፣ በዚያ ጊዜ የዓይን ስፔሻሊስት ለመሆን ይማሩ የነበሩ ወጣት ሐኪሞች ስላጡት ነገር ነው። «ይህ የሕክምና ተማሪዎች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ወንድም ወይም እኅት ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲያነብልን እንለምናለን።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ ተገኘ። ወሩ ሳያልቅ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም ታወጀ። በዚያው ሰሞን የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚ አስቸኳይ ካልሆነ በቀር ሕክምናው ይቁም አለ። የዓለም ጤና ድርጅትም በዘመቻ የሚታደለው የትራኮማ መድኃኒት ለጊዜው እንዲቆይ መከረ። ይህ ያለ ምክንያት አልነበረም። የዓይን ሐኪምና ሕመምተኛው በምርመራ ጊዜ ትንፋሽ ለትንፋሽ ይገናኛሉ። ባልደረቦቹን አስቀድሞ ያስጠነቀቀውና ጥር 29 ቀን 2012 ዓ.ም. በዚያው በሽታ የሞተው የዉሃኑ ሊ ዌንሊያንግም የዓይን ሐኪም ነበር። ስለዚህ ጥንቃቄውን አንነቅፍም።

የምንነቅፈው የጠፋው ጊዜ እንዳልጠፋ ተቆጥሮ መታለፉን ነው። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውሮቻችን ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ነው። ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና እንጂ በጠብታ አይድንም። ሐኪሙ በአጉሊ መነጽር ሥር ከነጩ የዓይን ክፍል ላይ ስድስት ሰባት ሚሊ ሜትር የምታህል መግቢያ ይከፍታል፤ የደነደነውን ሞራ ያወጣል፤ በቦታውም ሌንስ ያኖራል። ከኋላ ያለችው ስስ ከረጢት ከተቀደደች ነገሩ ይበላሻል። ይህን ሥራ ወጣቱ መጀመሪያ እያየ፣ ቀጥሎ እየረዳ፣ ኋላም አንዷን ክፍል ብቻ እየሠራ፣ በመጨረሻ አስተማሪው አጠገቡ ቆሞለት ሁሉንም ይማረዋል። ሕመምተኛው ሲቀር ይህ ሁሉ ይቀራል።

«ትምህርቱ በዙምና በቴሌግራም ቀጥሏል» ይሉናል። እውነት ነው፤ ሌክቸሩ ቀጥሏል። ነገር ግን በቴሌግራም ቡና ማፍላት የተማረ ሰው እንኳ ጀበናውን እስኪጨብጥ ድረስ አፍልቷል አይባልም። በ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በህንድ አገር የተጠየቁት የዓይን ሕክምና ሠልጣኞች ከአሥር ስምንት ያህሉ የቀዶ ሕክምና ትምህርታችን ተጎድቷል ብለዋል። ከእኛም ታላላቆች አንዱ ከረዥም ዕረፍት በኋላ ወደ ቀዶ ክፍል ሲመለስ እጁ ይንቀጠቀጥ እንደ ነበር ነግሮናል። ለአለቃው ግን አልተናገረም፤ ይሉኝታ ያዘው።

የዚህ ዋጋ ወዴት ይሄዳል? ከመካከላችን የአንዱ አያት የይፋግ ሰው ናቸው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸው፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ቀጠሮ ይዘው ወደ አንድ ሆስፒታል ቢሄዱ ከበሩ ላይ «ሲከፈት ይመለሱ» ተባሉ። መቼ እንደሚከፈት የነገራቸው አልነበረም። በትር ይዛ የምትመራቸው የአሥር ዓመት የልጅ ልጃቸው ነበረች። በ2013 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ሲከፈት እኩዮቿ ተመለሱ፤ እርሷ ግን አያቷን ማን ይምራ ተብሎ ቀረች። ኋላ የአያቷ አንድ ዓይን ተሠራ፤ ልጅቱ ግን እስከ ዛሬ ክፍል አልገባችም።

የዓለም ጤና ድርጅት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የኮሮና አስቸኳይ ሁኔታ አበቃ ብሎ አውጇል። በዚያ ዘመን የተማሩትም ተመርቀው በየሆስፒታሉ ተበትነዋል። ጥፋተኞች አይደሉም፤ ከፊሎቹም በኮሮና ክፍል ሌት ተቀን ሲሠሩ ነበር። እኛ የምንለው፣ የስፔሻሊስት ምስክር ወረቀት በወር ቁጥር ሳይሆን ሠልጣኙ በእጁ በሠራው ዓይን ብዛትና ውጤት ይሰጥ ነው። ለነዚያም ልጆች ብቻቸውን ወደ ሩቅ አገር ከመላክ በፊት ከነባር ሐኪም ጎን ተሰልፈው የቀረባቸውን የሚሠሩባቸው ወራት ይሰጧቸው፤ አስቀድመው ለተላኩትም እንዲሁ። ከቄራ በሚመጣ የበግና የፍየል ዓይን የሚለማመዱበት አንድ ክፍልና አንድ አጉሊ መነጽር በየማስተማሪያ ሆስፒታሉ ቢኖር፣ ሌላ ወረርሽኝ ሲመጣ እጅ ሥራ አይፈታም። ገንዘብ የለም እንዳይባል፣ የፍየል ዓይን ማንም አይበላውም።

የሠልጣኞች ቡድኖች ደግሞ ወደ ይፋግና ወደ አዲስ ዘመን ይውረዱ። ሞራ ያለበት ሕዝብ እዚያ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ እኒያ አያትም ሁለተኛው ዓይናቸው ገና አልተሠራም።