መጀመሪያ ራጁን አሳዩን!

እኛ በዚህ ጉዳይ ትዕግሥታችን አልቋል። ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ብቅ የሚለው የመጨረሻው መንጋጋ፣ እንግሊዞች «የጥበብ ጥርስ» የሚሉት፣ ባመመን ቁጥር መካሪው ሁለት ጎራ ነው። አንዱ «አስነቅለህ ተገላገል!» ይላል። ሌላው ቅርንፉድ ያስነክሳል፤ አልሆን ሲል አሞክሳሲሊን ገዝቶ ከች ይላል (ያለ ማዘዣ ነው እንግዲህ)።

ሁለቱንም አንቀበልም። ያላመመንን ጥርስ «ነገ ያስቸግርሃል» ተብሎ መንቀል ለምን? የእንግሊዙ የጤና መመሪያ አውጪ ናይስ እኮ በ2000 እ.ኤ.አ.፣ ድድና አጥንት ውስጥ የተቀበረም ቢሆን በሽታ ከሌለበት አይነቀል ብሏል። የታችኛው ሥር ለከንፈር ስሜት ከሚሰጠው ነርቭ ጋር ይጎራበታል። ነርቩ ከተነካ ከንፈር ለወራት፣ አንዳንዴም ለዘለቄታው ይደነዝዛል። ታዲያ ራጅ ሳያነሳ ጉጠት የሚያነሳ ሰው ምኑን አይቶ ነው?

የክኒን ወገኖች ግን ይብሳሉ። ጥርሱ በግማሽ ብቻ ሲወጣ ድዱ እንደ ክዳን ይደረብበትና ሥሩ ምግብ ይጠራቀማል፤ የሚያብጠው ያ ነው። ክኒን እብጠቱን ቢያበርድም ክዳኑ እዚያው ነው! ለመጀመሪያ ጊዜ በመጠኑ ሲያም ሐኪም ዘንድ ማጽዳትና በሞቀ የጨው ውኃ መጉመጥመጥ ሊበቃ ይችላል። ሲመላለስ ግን ያው መመሪያ ራሱ ይነቀል ይላል። አፍ አልከፈት፣ ምራቅ አልዋጥ ካለ፣ ወይ እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደማ ክርክር የለም፤ መተንፈሻ ሊዘጋ ስለሚችል በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።