ሊማሊሞ ላይ ስልክ
ከደባርቅ ተነስቶ በሊማሊሞ ወደ ድብ ባሕር በከባድ ማርሽ የሚወርድ ሾፌር ሁለቱም እጆቹ ሥራ አላቸው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ቆርጦ ባወጣው በዚህ ጠመዝማዛ መንገድ ስልክ ጆሮው ላይ የለጠፈ ሾፌር ሳይ ለተሳፋሪው እፈራለሁ፤ የትራፊክ ደንቡም ይከለክለዋል። ስለዚህ አሮጌ መኪና ያላችሁ ሁሉ ብሉቱዝ አስገጥሙ። ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው ርካሽ የኤፍ ኤም ማስተላለፊያ ለብዙዎች ይበቃል። ሬዲዮው ለጃፓን ገበያ የተሠራ የቆየ ዓይነት ከሆነ ግን የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ስለሆነ፣ ማስተላለፊያውን ከ87.5 እስከ 90 ባለችው ጠባብ ቦታ ማስተካከል ግድ ነው። አቅም ካለ ቴፑን ብሉቱዝ ባለው መቀየር ይሻላል፤ ማይክራፎኑ ለሾፌሩ አፍ ቀረብ ብሎ ይታሰር። የጭነት መኪና ባለቤቶች ደግሞ አደራ፦ መኪናችሁ 24 ቮልት ከሆነ ለ12 ቮልት የተሠራ ቴፕ በቀጥታ አይገጠምለትም፣ ይቃጠላል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ነፃ የሚወጣው እጅ እንጂ ሐሳብ አይደለም፤ ወሬ የያዘ ሾፌር ፊት ለፊቱ ያለውን እያየ ላያስተውለው ይችላል። ቁልቁለቱ ላይ ስልኩ ይጥራ፤ ወርዳችሁ ጥግ ይዛችሁ ስትቆሙ መልሳችሁ ደውሉ።