የሐሮማያን ሐይቅ ማን ጠጣው?

ቀድሞ አለማያ ይባል የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ የሐረርን ከተማ ለብዙ ዘመን ሲያጠጣ ኖሮ፣ በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት ደረቀና ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። ጥፋተኛውን በስሙ ለሚፈልግ ሰው ነገሩ አስቸጋሪ ነው። ገበሬው ጫቱንና ድንችን ለማጠጣት በሞተር ሳበ፤ ከተሜው በቧንቧ ቀዳ፤ የተራሮቹ ዛፍ በመቆረጡም ጎርፍ አፈሩን እያመጣ ሐይቁን ሞላው። (የጫትን ክርክር ለሌላ እሑድ እንተወው።) በእርሻው ልጁን ለማስተማር የደከመ ገበሬ መቼም ሌባ አይባልም።

ዘላቂ ኑሮ ማለት ከሚተካው በላይ አለመውሰድ ነው ቢባል የማይስማማ የለም። ይሁን እንጂ አንዱ ሞተሩን ሲያጠፋ ጎረቤቱ ጨምሮ የሚስብ ከሆነ፣ የቆጣቢው ማሳ ብቻ ይደርቃል እንጂ ሐይቁ አይድንም። ስለዚህ የግል ቁጠባን እየሰበኩ የጋራ ደንብን መዘንጋት፣ ቅን የሆነውን ሰው ብቻ መቅጣት ይሆናል።

በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሶ ታይቷል፤ ደስታችንም ትልቅ ነው። እንግዲህ ማን፣ በየትኛው ወር፣ ምን ያህል ይቅዳ የሚለውን ገበሬውና ከተሜው ሐይቁ ሙሉ ሳለ ተቀምጠው ይወስኑ።