ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ ሁሉ አልሞተም

ጥር በገባ ቁጥር ወደ ማኅበራችን የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ፤ «በደጃችን ያለው ዛፍ ደርቋልና ይቆረጥልን» የሚል። አንዳንዱም ሳይጠይቅ መጥረቢያውን ያነሣል። ስለሆነም ዛሬ በዚሁ ጉዳይ ጥቂት ለማለት ወደድን።

እንደሚታወቀው የአርባ ምንጭ ዝናብ የመሀል አገሩን ክረምት አይከተልም። ዋናው ዝናባችን ሚያዝያና ግንቦት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ቀነስ ይልና በመስከረምና በጥቅምት ይመለሳል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ደግሞ በጋው ይበረታል። ዕፅዋታችንም ይህን የለመዱ ናቸውና እያንዳንዱ በጋውን የሚያልፍበት የራሱ ዘዴ አለው።

ዛፍ ውሃ የሚያጣው በይበልጥ በቅጠሉ ነው። በቅጠል ላይ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ ውሃው በእነሱ በኩል ይተናል። አፈሩ ሲደርቅ ዛፉ መጀመሪያ ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። ያ ካልበቃ ብዙው ዛፍ ቅጠሉን ያራግፋል። ይህ ቁጠባ እንጂ ሞት አይደለም። ቁልቋል ቀን ዘግቶ ውሎ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይከፍታል። ሽፈራው በወፍራም ግንዱ ውሃ ያጠራቅማል፤ ሌላው ጎመን ሲጠፋ እሱ ከድስታችን የማይለየው ለዚህ ነው። ደጋ ወጥተን ጨንቻንና ዶርዜን ብናይ፣ እንሰት በግንዱና በአሚቾው ውሃ ይዞ፣ እድገቱን ገታ አድርጎ ዝናብ ይጠብቃል። ሣሩም ላዩ ቢደርቅ ሥሩ አለ። ሙዝ ግን ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነ ያለ መስኖ ብዙ አይገፋም።

ከከተማችን ግርጌ ያለው ደን በበጋም ለምለም መሆኑ አንዳንዶቻችንን ያዘናጋል። እነዚያ ሾላዎች ዝናብ ብቻ አይጠብቁም፤ ሥራቸው የምንጩን ውሃ ያገኛል። ከተማችን ስሟንም የመጠጥ ውሃዋንም ያገኘችው ከነዚሁ ምንጮች ነው። እንጨት ሸክም ለብዙ እናቶች የዕለት እንጀራ መሆኑን አንዘነጋም። ሆኖም እርጥቡ ዛፍ በተቆረጠ ቁጥር ምንጩ ጥላውን ያጣል።

የዕፅዋት ትዕግሥትም ቢሆን ልክ አለው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በጎረቤታችን በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ እጅግ ብዙ ከብት አልቋል። በ2015 ዓ.ም. መጋቢት ዝናቡ ሲመለስ ሣሩ ዳግመኛ ብቅ አለ፤ ከብቱ ግን አልተመለሰም። ሣር መጠበቅ ይችላል፤ በሣሩ የሚኖረው ግን አይችልም።

ታዲያ ምን እናድርግ? «ደርቋል» ከማለታችን በፊት ቅርንጫፉን በጥፍር ፋቅ አድርገን እንይ። ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ዛፉ በሕይወት አለ። ከተጠራጠርንም ግንቦት እስኪያልፍ እንታገሥ። የረገፈውን ቅጠል ጠርጎ ማቃጠል ይቅር፤ ከዛፉ ሥር ቢነሰነስ የአፈሩን እርጥበት ይይዛል።

ችግኝ ግን ሌላ ነው። ሥሩ ገና ስላልጠለቀ የትልቁን ዛፍ ትዕግሥት ከእሱ መጠበቅ ከንቱ ነው። በአገር አቀፉ ዘመቻ ሐምሌ ላይ መትከላችን መልካም ሆኖ፣ በእኛ ሰፈር ዝናቡ የሚቀንሰው በዚያው ወር መሆኑን አንርሳ። የሚቻለን በሚያዝያ መግቢያ ብንተክል ይመረጣል። በሐምሌ የተከልነውንም ዝናቡ ሲያጥር፣ ይልቁንም በበጋው፣ አመሻሽ ላይ እናጠጣው፤ ጎመን የታጠበበት ውሃ እንኳ ይበቃዋል። ተክሎ ፎቶ ተነሥቶ መሄድማ ማን ያቅተዋል?

ከእንግዲህ በሰፈራችን ዛፍ ከመቆረጡ በፊት ለማኅበሩ ይነገር፤ ቅርፊቱን አብረን እናያለን። ልጆቻችን የሚጠለሉበት ጥላ ነውና ነገሩን አደራ እንላለን።